ዐይን ተሸፍኖ ጆሮ ሲነቃ

የዐይን ሞራ ሊወጣላቸው የተጋደሙት አዛውንት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። የደነዘዘው ዐይናቸው ብቻ ነው። ፊታቸው በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ጆሯቸው ግን የመቀስ ኮሽታ አያመልጠውም። በመማር ላይ ያለው ሬዚደንት “ውይ!” ቢል፣ አስተማሪውም ቢቆጣው፣ አባባ ይደነግጣሉ። ደንግጠው ራሳቸውን ከነቀነቁ ደግሞ ስለቱ ያለው ዐይናቸው ውስጥ ነው። ስለዚህ ጎበዝ አስተማሪ ተማሪውን በለሆሳስ ያርማል፤ ጎበዝ ተማሪም “አባባ፣ አሁን ውኃ ቢጤ ይሰማዎታል፤ ሳል ከመጣብዎት አስቀድመው ይንገሩኝ” ማለትን ከስፌቱ እኩል ይለማመዳል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዐይን ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ በሚገኘው በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6ቱ ዐይነ ስውር መሆኑን፣ የግማሽ ያህሉም መንሥኤ የዐይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል። ይህን ሁሉ ሕመምተኛ ለመድረስ የፈጠነ እጅ ያስፈልጋል። እጅ ብቻውን ግን አይበቃም።

በስኮትላንድ አበርዲን የተዘጋጀው “ኖትስ” የተባለ የቀዶ ሐኪሞች መመዘኛ እጅን ጨርሶ አይለካም። የሚለካው አካባቢን ማስተዋልን፣ መወሰንን፣ ተግባብቶ መሥራትንና መምራትን ነው።

በአገራችን ከአራቱ የሚከብደው መግባባቱ ሳይሆን አይቀርም። ታላቁን እንዳያርም ተደርጎ ያደገ ወጣት ነርስ፣ ስመ ጥሩን ሐኪም “ዶክተር፣ ግራው አልነበረም እንዴ?” ብሎ ለማስቆም ድፍረት ይጠይቀዋል። ያ ጥያቄ ካልተነሣ ያልታመመው ዐይን ሊቀደድ፣ ለሌላ ሰው የተለካ ሌንስ ሊገባ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ባለ19 ነጥብ ማረጋገጫ ይህን ድፍረት ሥርዓት አደረገው፤ ከመቀደዱ በፊት ሁሉም ቆም ብሎ የሕመምተኛውን ስምና የሚሠራበትን ቦታ ጮክ ብሎ ያረጋግጣል። የታንዛንያዋን ኢፋካራ ጨምሮ በስምንት ከተሞች ሲሞከር ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞተው ሰው ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወርዷል።

መግባባት ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ውጭም ያስፈልጋል፤ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ለሚመለስ የግላኮማ ሕመምተኛም ቢሆን ቁጣ አይጠቅምም። “ጠበሉንም ይጠመቁ፣ ጠብታውንም አያቋርጡ” ያለው ሐኪም ሰውየውን ዳግም ያገኘዋል።

ከሁሉም የሚከብደው ፋሻ የሚፈታበት ጠዋት ነው። አንዷ እናት የልጃቸውን ፊት አይተው እልል ይላሉ። አጠገባቸው ያሉት ግን የዐይናቸው ውስጠኛ ክፍል ቀድሞ ተጎድቶ ስለነበር ብርሃኑ አልመጣላቸውም። ሬዚደንቱ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ እጃቸውንም ይይዛል።