ለመክሳት የሚከፈልበት ማኅበር

መተማ ዮሐንስ ውስጥ «ከሳህ እኮ» መባል ደስ አያሰኝም። አንዲት ተማሪ በሁለት ወር ውስጥ ሰውነቷ ሲያልቅ፣ ዴስክ የሚጋሯት ልጆች ቦታ ቀይረው ተቀመጡ። ታዲያ ለክፍሉ ልጆች «ለመክሳት ገንዘብ የሚከፍሉ ሰዎች አሉ» ብላቸው ሳቁብኝ።

አዎ፣ አሉ። ጂን ኒደች የተባለች 97 ኪሎ የምትመዝን የኒውዮርክ የቤት እመቤት፣ ከከተማው ጤና ቢሮ የተሰጣትን የአመጋገብ ሥርዓት ብቻዋን መጠበቅ አቃታት፤ ብስኩት ተደብቃ ትበላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ስድስት ጓደኞቿን ቤቷ ጠርታ ገመናዋን ዘረገፈችላቸው። እነሱም የየራሳቸውን አወጡ። በ1963 ነገሩ ዌይት ዋቸርስ የሚባል ኩባንያ ሆነ።

አሠራሩ ከእቁብ ብዙም አይርቅም። አባሉ እየከፈለ በየሳምንቱ ይመጣል፤ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ኪሎው ግን ለሌላ ሰው አይነገርም። ከዚያ ቁጭ ብለው የሳምንቱን ውጣ ውረድ ያወራሉ። መሪያቸው ሐኪም ሳትሆን በዚያው መንገድ ኪሎ የቀነሰች አባል ናት። (ምክሯ የሚሰማው ለዚህ ይመስለኛል።) ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ለምግቦች ነጥብ ይሰጣል፤ የቀኑም ምግብ በነጥብ ይመጠናል። ማኅበሩን ሲተዉ ኪሎው የሚመለስባቸውም ጥቂት አይደሉም።

ሳይፈልጉ መክሳት ግን ሌላ ነው። በእኛ ቆላ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር ያከሳል፤ ቲቢም፣ ስኳርም እንዲሁ። ኤች አይ ቪ በደም ምርመራ እንጂ በዓይን አይታወቅም፤ ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በአግባቡ ሲወስድ ወፍሮም ሊታይ ይችላል።

የልጅቷ ሕመም ምን እንደነበር አልነግራችሁም፤ የእሷና የሐኪሟ ጉዳይ ነው። ታክማ ተመልሳለች። ዴስኩ ግን እስከ ሰኔ ድረስ የብቻዋ ነበር።