ጥፋቱ የማን ነው? የአሠልጣኙ ወይስ የተጫዋቹ?

ብሔራዊ ቡድናችን በተሸነፈ ማግስት ከሻይ ቤት እስከ መኝታ ክፍል የሚነሣው ክርክር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ግማሹ «አሠልጣኙ ይነሣ!» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ሰውዬው ምን ያርግ? ኳስ ማቆም የማይችል ልጅ ይዞ!» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ በሞቀ ቁጥር ድምፅ ይጨምራል፤ ማስረጃ ግን አይጨምርም። ነገሩ ለእኛ ለዕጩ መምህራን ከጨዋታ ወሬ ያለፈ ነው። ነገ ክፍላችን ፈተና ሲወድቅ ይኸው ጥያቄ በራሳችን ላይ ይነሣልና። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ የቡድናችንን ታሪክ ይዘን ጥያቄውን ረጋ ብለን እንመርምረው።

የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲጀመር ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይም ያችው ግብፅ፣ ያው 4 ለ 0። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን ወሰድን። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ግብፅ 2 ለ 1 ትመራ ነበር። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ፤ በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩበት። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

እንግዲህ ጠይቁ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ምን ተለወጠ? ልጅ ተወልዶ በሦስት ዓመት ተጫዋች አይሆንም። ስለዚህ ተሰጥኦው ቀድሞም በአገሩ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት የተለወጠው ተሰጥኦው የሚገናኝበት መንገድ ነው። የአዲስ አበባና የአሥመራ ልጆች አንድ ላይ ተሰለፉ፤ ራሱ ተጫውቶ ያለፈ ሰው መራቸው፤ ሜዳውና ቀዝቃዛው የደጋ አየርም የእኛው ነበር። ሐቁን ለመናገር ግን ያኔ የተወዳደሩት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ። ዋንጫው የተገኘው በሁለት ጨዋታ ነው። ይህን የምጠቅሰው ድሉን ለማሳነስ አይደለም፤ የዛሬውን ቡድን ከዚያ ጋር ስናስተያይ ሚዛኑ እንዳይዛባ ብዬ ነው።

በ1960 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ውድድር አራተኛ ወጣን። በ1968 ዓ.ም. እንዲሁ በአገራችን ከምድቡ ሳናልፍ ቀረን። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ሄደን አንድም ግብ ሳናገባ ተመለስን። ከዚያ በኋላ 31 ዓመት ሙሉ በውድድሩ አልታየንም። ታዲያ በ31 ዓመት ውስጥ፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል፣ ኳስ የሚችል ልጅ አልተወለደም ልንል ነው? ይሄ የማይመስል ነገር ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን የተፈራረቁት አሠልጣኞች በሙሉ ሥራቸውን የማያውቁ ነበሩ ማለትም እንዲሁ።

አሁን ወደ 2005 ዓ.ም. እንምጣ፤ ለክርክራችን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም። በሰውነት ቢሻው የሚመሩት ዋልያዎቹ ጥቅምት 4 ቀን ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈው ወደ ደቡብ አፍሪካ ማለፋቸው ይታወሳል። በዚያ የመጀመሪያው ጨዋታ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ነበር። ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በረኛው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ። ዛምቢያ አገባች። በአሥር ሰው የቀረው ቡድናችን ግን ከእረፍት መልስ በአዳነ ግርማ አማካይነት አቻ ሆነ፤ 1 ለ 1።

ከአራት ቀን በኋላ ያው አሠልጣኝ፣ ከሞላ ጎደል ያው ቡድን፣ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ገጠመ። በዚህኛው ጨዋታ በቀይ ካርድ የወጣው የእነርሱ በረኛ ነው። 1 ለ 0 እየተመራን አንድ ሰው በልጠን ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አሥር የቀሩት ቡርኪናዎች ሦስት ግብ ጨመሩብንና 4 ለ 0 ሆነ።

እስኪ ልብ በሉ። «አሠልጣኙ አይችልም» የሚል ሰው የመጀመሪያውን ጨዋታ እንዴት ያስረዳል? «ተጫዋቾቹ አይችሉም» የሚልስ? በአራት ቀን ውስጥ የማንም ችሎታ አይጠፋም። እኔ እንደሚመስለኝ በመጀመሪያው ቀን ሰው ሲጎድል ሁሉም ወደ ኋላ ተሰብስቦ ቦታውን ጠበቀ። በሁለተኛው ቀን ሰው ሲተርፍ ሁሉም ግብ ፍለጋ ወደ ፊት ወጣ፤ ኋላው ባዶ ቀረ፤ ባላጋራ ኳስ በነጠቀ ቁጥር የሚሮጥበት ሜዳ አገኘ። መከላከልን ሁሉም በአንድነት ችሎበታል። ኳስ ይዞ ቦታ መጠበቅ ግን ሌላ ትምህርት ነው፤ እሱ ደግሞ ለውድድር ዝግጅት በሚሰጡት ሳምንታት ብቻ አይለመድም።

በዚያው ዓመት ከአሠልጣኙም ከተጫዋቹም ያልሆነ ነገር ደግሞ መጣ። ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። ሰኔ ላይ ደቡብ አፍሪካንም አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸንፈን ከምድቡ አለፍን ብለን ስንጨፍር፣ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት ምንያህል ተሾመ ቦትስዋና ላይ መሰለፍ አልነበረበትም ተባለ። ሦስት ነጥባችን ተወሰደ። ካርድ መቁጠር ተሰጥኦም ሥልትም አይጠይቅም፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃዋል። ደግነቱ የመጨረሻውን ጨዋታ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፈን ምድቡን መሪ ሆነን ጨረስን። ጥቅምት 2006 ዓ.ም. ናይጄሪያ እዚሁ 2 ለ 1፣ በመልሱ 2 ለ 0 አሸንፋ አስቀረችን።

ከዚያ በኋላ የተወሰደው መድኃኒት የተለመደው ነው፤ አሠልጣኝ መቀየር። በ2006 ዓ.ም. ሰውነት ተነሡ፤ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ። ቀጥሎ ዮሐንስ ሣህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ውበቱ አባተ። በሰባት ዓመት ስድስት ሰው! አንድ ክፍል በሰባት ዓመት ስድስት የሒሳብ መምህር ቢቀያየርበት፣ ተማሪው ደካማ ነው ብሎ ለመፍረድ ማን ይደፍራል? እያንዳንዱ የራሱን ዘዴ ያመጣል፤ ዘዴው ሥር ሳይሰድ ይሄዳል።

ውበቱ ለሁለት ዓመት ተኩል ያህል ቆዩ። በጥር 2014 ዓ.ም. ቡድኑን ካሜሩን አደረሱት፤ ከምድቡ ግን አላለፈም። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉ። ያ «የሜዳችን» ጨዋታ የተደረገው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነበር፤ በአገራችን ደረጃውን ያሟላ ስታዲየም የለም ተብሎ። ይህንንም በሒሳቡ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። በ1954 ዓ.ም. የረዳን ደጋና ደጋፊ በ2014 ዓ.ም. ከእኛ ጋር አልነበረም።

እስከ አሁን አሠልጣኝ ብዬ የተናገርሁት ባለደመወዙን ነው። ነገር ግን የገና ጨዋታችንን አስቡት። ፈረንጅ ሆኪ እንደሚለው ያለ፣ በቆልማማ ዱላ ሩር የሚመታበት፣ ሠፈር ከሠፈር ተቧድኖ የሚፋለምበት ጨዋታ ነው። አሠልጣኝ የለው፣ ዳኛ የለው፤ በዚያን ቀን ጌታም በሎሌው አይቆጣም ይባላል። ሆኖም «አንተ ኋላ ቅር! አንተ በዳር ውጣ!» እያለ የሚጮህ አንድ የበሰለ ሰው አይጠፋም። እሱ ያለበት ወገን ጉልበት ቢያንሰውም ሲያሸንፍ ይታያል። ሥልት ከመጽሐፍ በፊትም ነበረ ለማለት ነው።

ስለ ተሰጥኦ ሲነሣ ደግሞ ሁሉም ሩጫን ይጠቅሳል፤ «ደጋ ስለሆንን ነው» ይላል። ደጋ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ከጉና ግርጌ እስከ መካነ ኢየሱስ፣ ከጋይንት እስከ ስማዳ ያለው አገር ሁሉ በዓለም ስሙ እንደ በቆጂ በተጠራ ነበር። በቆጂ ከደጋው ሌላ ስንታየሁ እሸቱ ነበሩት። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በእርሳቸው እጅ ያለፉ ናቸው። እኒህ ሰው የብሔራዊ ቡድን ሹም አልነበሩም፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። ልጆቹን ያገኟቸው ገና በለጋነታቸው ነው።

ክርክሩ የሚስተው ይህን ይመስለኛል። የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ የ25 ዓመት ሰው ተቀብሎ የት እንደሚቆም ሊነግረው ይችላል። ኳስ በእግሩ ሲደርሰው እንዴት እንደሚያለዝባት ግን ያኔ ማስተማር ይከብዳል፤ ያ የሚለመደው ከስምንት እስከ ዐሥራ አራት ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። «ተሰጥኦ የለውም» የምንለው ብዙ ጊዜ በዚያ ዕድሜው ኳስ ያልነካ ልጅ ነው።

ደግሞስ መቼ ይንካ? እኔ በተማርሁበት ትምህርት ቤት ለ60 ተማሪ አንድ ኳስ ነበረ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ 2400 ሴኮንድ መሆኑ ነው። ኳሷ አንድ አፍታ እንኳ ሳታርፍ ለሁሉም እኩል ብትዳረስ ለአንድ ልጅ 40 ሴኮንድ ትደርሰዋለች። በተግባር ግን አምስት ጉልበተኞች ይዘዋት ይውላሉ፤ ሴቶቹና ትንንሾቹ ዳር ቆመው ያያሉ። ያው ክፍል በስድስት በስድስት ተከፍሎ ለየቡድኑ አንድ የጨርቅ ኳስ ቢሰጠው፣ ለአንድ ልጅ 400 ሴኮንድ፣ ማለትም 6 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ይደርሰዋል። አሥሩን ኳስ ልጆቹ ራሳቸው ይሠሩታል፤ ያረጀ ካልሲ፣ ቡትቶና ሲባጎ ይበቃል።