ወደ ጉድጓድ ከመውረድ አስቀድሞ የአየር መለኪያን ልክ ስለ ማስያዝ

ለየወረዳው ሹማምንትና ለባለ እርሻዎች ሁሉ።

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍርና የሚያስጠርግ፥ በሐረርጌም እንደ ተለመደው ማሽላውን በመሬት ውስጥ የሚያኖር ሰው፥ የማይታይ ጠላት እንዳለበት ሊያውቅ ይገባል። ይኸውም በጉድጓዱ ውስጥ ያለው አየር ኦክሲጅኑ ተጓድሎ መገኘቱ ነው። እህል በታፈነ ስፍራ ሲተነፍስ ኦክሲጅኑን ይጨርሳል፤ በፋንታውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ከአየር የከበደ ጋዝ ያወጣል። የወረደው ሰው ሳይጠራጠር ይወድቃል፤ ሊያነሣው የወረደውም በላዩ ይወድቃል።

ንጹሕ አየር ከመቶ 20.9 እጅ ኦክሲጅን አለው። ከ16 በታች አሳብ ይደክማል፤ ከ10 በታች ሰው ራሱን ይስታል፤ ከ6 በታች በጥቂት ደቂቃ ይሞታል። ሻማ አብርቶ በገመድ ማውረድ የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ሻማው የሚጠፋው ወደ 16 ገደማ ሲደርስ ነውና ዘግይቶ የሚናገር ምስክር ነው።

መለኪያውም ቢሆን ሳይመሳከር አይታመንም። ድጓ የተማረ ሰው ቤተ ልሔም ሄዶ ዜማውን ሳያስመሰክር የድጓ መምህር እንደማይባል፥ መሣሪያውም ከታወቀ አየር ጋር ሳይተያይ ቁጥሩ ቁጥር አይባልም። ከቤት ሙቀት ወደ ብርድ በወጣ ጊዜ ጥቂት ይቆይ። ከዚያ በኋላ ከጉድጓዱ አፍ፥ ከሞተር ጢስና ከሰው ትንፋሽ ርቆ፥ በነፋሻ ሜዳ ላይ 20.9 እንዲያነብ ይስተካከል። ቁጥሩ ሲጸና ትንፋሽን ጥቂት ይዞ ቀስ ብሎ መተንፈስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የማስጠንቀቂያ ልክ ከሆነው ከ19.5 ወርዶ ካልጮኸ መሣሪያው ለሥራ አይሆንም። ይህ ግን የደጅ ፈተና ነው እንጂ በታወቀ ጋዝ የሚደረገውን ምርመራ አይተካም። በውስጡ ያለው የእርሳስ ሕዋስ ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥም ያልቃልና፥ የገባበት ቀን በላዩ ይጻፍ።

እኛን አብልጦ የሚያሳስበን የአገሩ ከፍታ ነው። ከመሣሪያዎቹ አንዳንዶቹ የሚለኩት የኦክሲጅኑን ግፊት ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ ደግሞ የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶ 70 ያህል ብቻ ነው። በባሕር ዳር፥ በ1,800 ሜትር ገደማ፥ የተስተካከለ እንዲህ ያለ መሣሪያ ወደ ጋይንት ደጋ ሲወጣ በንጹሕ አየር መካከል 18 አንብቦ በከንቱ ይጮኻል። ይህ ያሰለቻል እንጂ አይገድልም። የሚገድለው ተቃራኒው ነው፤ በደጋ የተስተካከለውን ይዞ ወደ በሽሎ ቆላ፥ 1,500 ሜትር ከፍታ ወዳለው ስፍራ የወረደ ሰው፥ እውነተኛው 17.3 ሆኖ ሳለ መሣሪያው 20.9 ያነብለታል። ስለዚህ ማስተካከሉ ሥራው በሚሠራበት ከፍታ፥ በዚያው ቀን ይሁን።

ልኩም ከላይ፥ ከመካከልና ከታች ይወሰድ፤ መሣሪያው በገመድ ይውረድ እንጂ ሰው አንገቱን አያስገባ። ከመሬት የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሩን የገፋ እንደ ሆነ፥ ቁጥሩ 1 ሲጎድል 5 ከመቶ ያህል ጋዝ ገብቷል ማለት ነውና፥ ጩኸቱን መጠበቅ አይገባም፤ ቁጥሩ እንደ ጎደለ ሥራው ይቁምና አየር ይነፋበት። የውሃ መሳቢያ ሞተር የሚያወጣውን መርዘኛ ጢስ ይህ መለኪያ አያይም፤ ሞተሩ ከጉድጓዱ ውጭ ርቆ ይቁም።

የሚወርድ ሠራተኛ ሁሉ አስቀድሞ በትከሻውና በደረቱ ታጥቆ ገመዱን ከላይ ሁለት ሰዎች ይያዙለት፤ ቢወድቅም በገመዱ ይሳብ እንጂ ማንም አይከተለው።