የሰውነታችን እርሾ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ብርዳም ደጋ ስለ ሆነች ሊጥ ቶሎ አይቦካባትም። እናቶቻችን ከቦካው ሊጥ አናት ላይ የሚጠልለውን ውሃ ጥቂት ቀድተው ለሚቀጥለው ያስቀምጣሉ፤ ይኸውም እርሾ ይባላል። እርሾ ያለቀበት ቤት ከጎረቤት ይዋሳል። ሊጡን የሚያቦኩት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን መሆናቸውን በትምህርት ቤት ተምረናል። ነገር ግን እንዲህ ያለ እርሾ በገዛ አካላችንም ውስጥ እንደሚኖር ብዙ ሰው አያስተውልም። ስለዚህ ጉዳይ ለአንባቢያን ጥቂት ለመግለጽ እወዳለሁ።

አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ የተባለው የሆላንድ ሰው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1683 ዓ.ም. ከጥርሱ መካከል ያወጣውን እድፍ በገዛ እጁ በሠራው ማይክሮስኮፕ ቢመለከት፣ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ፍጥረታት አየ። የዛሬ ሊቃውንት በአንድ ጎልማሳ ሰው አካል ውስጥ 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያ እንደሚኖር ይገምታሉ፤ ይህም ከሰውየው ከራሱ ሕዋሳት ቁጥር ጋር የሚቀራረብ ነው። አብዛኞቹ የሚገኙት በትልቁ አንጀት ነው።

እነዚህ ተሕዋስያን ሥራ ፈት እንግዶች አይደሉም። ሆዳችን ሊፈጨው ያልቻለውን የእህልና የጎመን አሰር ያብላላሉ፤ ቪታሚን ኬ ይሠራሉ፤ ደግሞም ሥፍራውን አስቀድመው ስለሚይዙ በሽታ አምጪ ጀርሞች እንዳይሰፍሩበት ይከላከላሉ።

አንቲባዮቲክ የሚባለው መድኃኒት ግን የበሽታውን ጀርም ሲገድል ከጠቃሚዎቹም ብዙዎቹን አብሮ ይገድላል። አንዳንድ ሰው መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ተቅማጥ የሚይዘው ስለዚህ ነው። ከዚህም የሚከፋው መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ተሕዋስያን ብቻ ተርፈው በባዶው ሥፍራ መራባታቸው ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። የዓይን ማዝ፣ ማለት ትራኮማ፣ በደቡብ ጎንደርም ሆነ በሌላው የአማራ ክልል ብዙ ሰው ያሳወረ በሽታ ነው። እርሱን ለማጥፋት አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ለሕዝብ በጅምላ ሲታደል ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 በምሥራቅ ጎጃም፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በተጀመረ ጥናት፣ በተመረጡ መንደሮች ከ1 እስከ 10 ዓመት የሆናቸው ልጆች በየ3 ወሩ መድኃኒቱን ወሰዱ። ኒሞኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በጤነኛ ልጅ አፍንጫ ውስጥ በሰላም ይኖራል፤ ባስ ሲል ግን የሳንባ ምች ያመጣል። ከጥናቱ በፊት መድኃኒቱን የሚቋቋመው ኒሞኮከስ የተገኘባቸው ከ100 ልጆች 4 ያህሉ ነበሩ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ግን 47 ያህል ሆኑ። መድኃኒቱን ገና ባልወሰዱት መንደሮች ያሉት 9 ያህል ብቻ ነበሩ።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱን መጥላት አይገባም። በዚያው ጥናት መድኃኒቱ በታደለባቸው መንደሮች የሕፃናት ሞት ካልታደለባቸው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል አንሶ ተገኝቷል። ጥቅሙም ጉዳቱም እውነት ስለ ሆነ፣ ሁለቱን መዝኖ መስጠት የባለሙያ ሥራ ነው።

እኔ ግን ሳልመዝን ሰጥቻለሁ። ባለፈው ክረምት ታናሽ እኅቴ ጉንፋን ይዟት ስትስል፣ አምና ለእኔ ታዞ ከተረፈውና በጨርቅ ቋጥሬ ካኖርሁት ኪኒን ሁለት ፍሬ አዋጥኋት። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ስለ ሆነ መድኃኒቱ አንዳች አልረዳትም፤ ይልቁንም ሆዷን አመማት። ለእኔ የታዘዘውንም ሳልጨርስ ማስተረፌ ሌላ ጥፋት ነበር።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ቡሃቃውን በፈላ ውሃ አጥቦ እርሾውን የገደለ ሰው ጎረቤት ሄዶ ይዋሳል፤ የሰውነቱን እርሾ ያጠፋ ግን ከማን ደጅ ይዋሳል? ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ከመዋጥ እንቆጠብ፤ የታዘዘልንንም እንደ ታዘዘው እንፈጽም፤ በየቤታችን በጨርቅ የተቋጠረ ኪኒን ካለም ለወላጆቻችን በትሕትና እናስረዳ።