ታንኳ፦ ሚስማር የማይመታበት ጀልባ

ከወልድያ ተነስቶ በጋሸናና በደብረ ታቦር በኩል ወረታ የደረሰ መንገደኛ ጣናን ለማየት ብዙ አይቀረውም። ባሕር ዳር ገብቶ ወደ ሐይቁ ሲወርድ ከሞተር ጀልባዎቹ ይልቅ ዓይኑን የሚይዘው ከዘጌ በኩል እንጨት ጭኖ የሚመጣው፣ አፍንጫው ወደ ላይ የቀና የደንገል ታንኳ ነው።

ደንገል ውኃ ዳር የሚበቅል፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ተክል ነው። ታጭዶ ፀሐይ ላይ ከደረቀ በኋላ በነዶ በነዶ ይታሰራል። ወፍራሞቹ ነዶዎች ከታች ወለል፣ የቀሩት በግራና በቀኝ ግድግዳ ይሆናሉ። ማሰሪያው የዛፍ ልጥ ነው፤ ሠሪው ነዶውን ረግጦ ልጡን እየሳበ ያጠብቃል። በመጨረሻ ቀዛፊውና ጭነቱ ከፍ እንዲሉ ውስጡ ሌላ ደንገል ይነጠፋል። ውኃ በነዶዎቹ መሃል ይገባል፤ ቢገባም የሚንሳፈፈው አየር የያዘው ደንገል ራሱ ስለሆነ ታንኳው አይሰምጥም። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

በዚህ ሙያ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቁት በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩት የወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች ናቸው። ደንገሉም ሩቅ ተጉዟል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» የተባለችውን ጀልባ ያሠራው ከጣና በወሰደው ደንገል ነበር፤ የሠሯት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። እሷ አትላንቲክ ላይ ተበታተነች። እ.ኤ.አ. በ1970 ግን ሁለተኛዋ ጀልባ «ራ 2» ከሞሮኮ ተነስታ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች።

ታንኳን ከብረት ጀልባ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። የእንግሊዝ አገር የድሮ የብረት ቦይ ጀልባዎች ሰሌዳዎቻቸው በጋለ የብረት ካስማ (ሪቬት) የተያያዙ ነበሩ፤ ሪቬቱ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ሰሌዳዎቹን አጥብቆ ይይዛል። ያረጀው ሰሌዳ ተቆርጦ አዲስ እየተተካበት አንዱ ጀልባ ብዙ አሥርት ዓመታት ይኖራል። ታንኳ እንዲህ አይታደስም። ከጉዞ መልስ ከውኃ ወጥቶ ቆሞ ይደርቃል፤ እንዲያም ሆኖ በወራት ውስጥ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፤ ያኔ ሌላ ይሠራል። ስለዚህ አንድ ታንኳ ሙዚየም ውስጥ ማኖር ሙያውን አያድነውም። መጠበቅ ያለበት የደንገሉ ዳርቻና የሠሪው እጅ ነው።

ዳርቻው ግን እየታረሰ ደንገሉ ሳስቷል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም መጣ፤ በሸፈነው ቦታ ታንኳ ለመቅዘፍ ይከብዳል፣ ደንገል አጫጁም ወደ ዳርቻው የሚወስደው መንገድ ይዘጋበታል።