በሁለት ትእዛዞች መካከል ያለች ቅጽበት

የኮምፒውተር ስህተት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በአንድ መስመር ላይ የሰፈረን የተሳሳተ ትእዛዝ ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ መስመር ትክክል ሆኖ ሳለ፣ በመስመሮቹ መካከል ባለው ጊዜ ውስጥ የሚደበቅ ስህተትም አለ። ይህ ስህተት በስርዓተ ክወናው አስኳል፣ ማለትም በከርነሉ ውስጥ ሲገኝ ጉዳቱ ይከፋል። ማኅደረ ትውስታን፣ ፋይሎችንና የተጠቃሚዎችን ፈቃድ የሚያስተዳድረው ከርነሉ ነውና።

እሽቅድምድሙ እንዴት ይፈጠራል?

ዛሬ በእጅ ስልካችን ውስጥ እንኳ በርካታ ፕሮሰሰሮች አንድ ከርነል እየተጋሩ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ከርነሉ አንድን የማኅደረ ትውስታ ክፍል ስንት ተጠቃሚዎች እንደያዙት በቆጣሪ ይመዘግባል፤ ቆጣሪው ዜሮ ሲደርስ ክፍሉ ተለቆ ለሌላ ሥራ ይሰጣል። ቆጣሪው 1 ላይ ነው እንበል። አንደኛው ፕሮሰሰር የክፍሉን አድራሻ አገኘ። ቆጣሪውን 2 ከማድረሱ በፊት ግን ሁለተኛው ሥራውን ጨርሶ ቆጣሪውን ዜሮ አደረገና ክፍሉን ለቀቀ። አንደኛው ይህን ሳያውቅ በያዘው አድራሻ ሄዶ ይጽፋል። ነገሩ ቤት የለቀቀ ተከራይ በቀድሞ ቁልፉ ከፍቶ፣ ሌላ ሰው በገባበት ቤት ዕቃ እንደማስቀመጥ ነው። ውጤቱ ማን እንደቀደመ የሚወሰንበት ይህ ሁኔታ ሬስ ኮንዲሽን፣ የተለቀቀውን ማኅደረ ትውስታ መጠቀሙ ደግሞ ዩዝ አፍተር ፍሪ ይባላል።

ብርቅ አጋጣሚና ብዙ ሙከራ

እንዲህ ያለው ግጭት ከ1 ቢሊዮን ሙከራ አንድ ጊዜ ብቻ ይከሰታል ብለን እናስብ። ሥራው በሴኮንድ 1,000 ጊዜ ከተደጋገመ፣ አንድ ኮምፒውተር በአማካይ በ12 ቀናት ገደማ አንዴ ይሳሳታል፤ 10,000 ኮምፒውተሮች ካሉ ደግሞ ከመካከላቸው አንዱ በየ100 ሴኮንዱ ይሳሳታል። ስለዚህ በቤተ ሙከራ ያልታየ ስህተት የለም ማለት አይቻልም። በተጨማሪም አጥቂ ዕድሉን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ሙከራውን ሆን ብሎ ያባዛል።

የደርቲ ካው ታሪክ

የሊኑክስ ከርነል አንድ ፕሮግራም ለንባብ ብቻ በተፈቀደለት ፋይል የግል ምስል ላይ መጻፍ ሲፈልግ ቅጂ ያዘጋጅለታል፤ የሚጻፈውም በቅጂው ላይ ነው። ቅጂውን ማዘጋጀትና መጻፍ ግን ሁለት እርምጃዎች ናቸው። በመካከላቸው ሌላ የሥራ ክር ቅጂውን ቢያስጥል፣ ጽሑፉ በዋናው ፋይል ላይ ያርፋል። በዚህ ቀዳዳ ተራ ተጠቃሚ የሥርዓቱን ሙሉ ሥልጣን መያዝ ይችል ነበር።

ደርቲ ካው የተባለው ይህ ስህተት ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ ቆይቶ በጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ. ተጠገነ። ጥገናውን የጻፈው ሊነስ ቶርቫልድስ ከ11 ዓመታት በፊት ለዚሁ ችግር መፍትሔ ሞክሮ እንደነበር፣ ያም በሌላ የኮምፒውተር ዓይነት ላይ ችግር በማስከተሉ እንደተሻረ ገልጿል። በዚያን ጊዜ በሐሳብ ደረጃ ብቻ የነበረው እሽቅድምድም፣ ከርነሉ እየተሻሻለ ሲሄድ በቀላሉ የሚፈጠር ሆነ። የ2016ቱ ጥገናም ቢሆን ትላልቅ የማኅደረ ትውስታ ገጾችን በተመለከተ ጉድለት ተገኝቶበት በ2017 እ.ኤ.አ. እንደገና መታረም ነበረበት።

መፍትሔው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው መፍትሔ መቆለፊያ ነው፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ሁለተኛው «ቆጣሪው ዜሮ ካልሆነ ብቻ አንድ ጨምር» የሚለውን ምርመራና ድርጊት በማይከፈል አንድ ትእዛዝ ማስፈጸም ነው። ሦስተኛው በ2002 እ.ኤ.አ. ወደ ሊኑክስ የገባው አር ሲ ዩ ሲሆን፣ አንባቢዎችን ሳያስቆም፣ ቀድመው ማንበብ የጀመሩት ሁሉ እስኪጨርሱ ድረስ የአሮጌውን ክፍል መለቀቅ ያዘገያል።

ስህተቱን የሚያድኑ መሣሪያዎችም አሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የገባው ካሳን የተለቀቀ ማኅደረ ትውስታ ሲነካ ያጋልጣል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የተጨመረው ኬሲሳን ደግሞ እሽቅድምድምን ይፈልጋል። ከታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህም ሊኑክስ ራስት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ክፍሎችን ይቀበላል። ይህ ቋንቋ የእያንዳንዱ ክፍል ባለቤት ማን እንደሆነ ፕሮግራሙ ገና ሲዘጋጅ ይመረምራል።

ከእነዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ አንድ ነው፦ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚይዝ በግልጽ መደንገግ። የአንድሮይድ ስልኮች የሚሠሩት በሊኑክስ ከርነል በመሆኑ ጉዳዩ የባለሙያዎች ብቻ አይደለም። የተጻፈ ጥገና የሚጠቅመው ስልኩ ላይ ሲደርስ ነው፤ ማሻሻያ መቀበል ያቆመ አሮጌ ስልክ የሌላው ዓለም የዘጋውን በር ክፍት አድርጎ ይኖራል።