ትንንሽ ብረቶችን በየወገናቸው ስለ ማኖር

በቤቱ ውስጥ እጅ ሥራ የሚሠራ ሰው ቡሎንና ዳዶን፥ ሮንዴላንና ምስማርን ባንድ ሣጥን ቀላቅሎ ያኖራቸው እንደ ሆነ በኋላ ይጸጸታል። እኛም ይህን የተማርነው በገዛ ጥፋታችን ነው። የልጃችንን አልጋ ስንገጥም ከተቀላቀለው ሣጥን ያነሣነውን ዳዶ በመፍቻ በግድ አጠበቅነው፤ ሌሊት ጥርሱ ተላጠና አልጋው ወደቀ፤ የልጁም ክንድ ተሰበረ።

ምክንያቱን ብንመረምር ቡሎኑ በሜትር ልክ 8 ሚሊሜትር፥ ዳዶው ግን ለ5/16 ኢንች፥ ማለት ለ7.94 ሚሊሜትር ቡሎን የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ዓይን አይለያቸውም፤ የጥርሳቸው ርቀት ግን አይገጥምም። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1841 ዓ.ም. የጥርስ ልክ አንድ እንዲሆን ሐሳብ ያቀረበው፥ የሥራ ቤቱ ሁሉ በየራሱ ልክ ይሠራ ስለ ነበረ ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ የሜትሩን ከኢንቹ፥ ቀጥሎ በውፍረት፥ ከዚያም በርዝመት መለየት ይገባል። ለየወገኑ አንድ ቆርቆሮ ይበቃል፤ ፊደል ያልቆጠረም እንዲያውቀው በውስጡ ካሉት አንዱ በክዳኑ ላይ ይታሰር። ሮንዴላም በሽቦ ይሰካ። ዳዶ ከቡሎኑ ጋር መስማማቱ የሚታወቀው በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ሲዞር ነው፤ በመካከል ቢቆም መፍቻ ሳያነሡ መመለስ ነው።

ልጃችን ድኗል፤ ዛሬ ቆርቆሮዎቹን የሚጠብቅልን እርሱ ነው።